ዊንዶውስ 7 አፕዴት አልቀበል አለኝ፤ የሰው ፋይል ያለበት ኮምፒውተር ነው

የማርቆሷ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 8 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነውና ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ኮምፒውተሬ አንድ ብቻ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780፣ ኮር ቱ ዱዎ፣ ራሙ 2 ጊጋ። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ዊንዶውስ 7 አለው፣ 32 ቢት። ስገዛው ተጭኖ ያገኘሁት እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አፕዴት አድርጌው አላውቅም። ያን ጊዜ ያስተካከለልኝ ሰው «አፕዴት ካደረግሽው ይቆለፋል፣ እንዳትነኪው» አለኝ። እኔም አምኜ አፕዴቱን አጠፋሁት።

ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድ የሚመጡ ገበሬዎች የመሬት ክርክራቸውን ይዘው እኔ ጋ ይቀመጣሉ። አቤቱታ እጽፍላቸዋለሁ፣ ይግባኝ እጽፍላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ከዓመት በኋላ ተመልሰው «ያችን የአምናዋን ወረቀት አውጪልኝ» ይሉኛል። አወጣላቸዋለሁ። ሁሉም በዓመት፣ በዓመት ፎልደር ተቀምጦ ነው ያለው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያሳትሙብኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙርም አለ፣ የዕድር ደንብም አለ። አማርኛው በሙሉ የተጻፈው ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሿን ሰካች። አተምኩላት፣ ሄደች። በማግሥቱ እያለቀሰች መጣች። ፍላሿ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት ብቻ፣ ሆኗል። የሁለት ዓመት ሥራዋ ነው። ፋይሉ ተደብቆ ነበር እንጂ አልጠፋም ነበርና አንድ ወንድም አወጣላት። እግዚአብሔር ይስጠው። ቫይረሱ የሄደው ግን ከእኔ ኮምፒውተር ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው አምኖ የሰጠኝን ነገር ነው ያበላሸሁት።

ስለዚህ አፕዴት ላድርግ ብዬ ወሰንኩ። ፓኬጅ ገዛሁ፣ ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ አገናኘሁት። ከኮንትሮል ፓነል ገብቼ ዊንዶውስ አፕዴትን አብርቼ «ፈልግ» የሚለውን ተጫንኩ። ትንሽ ቆየና 80072ኤፍ8ኤፍ የሚል ስሕተት አመጣ። አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ብዙ ድረ ገጽም አይከፍትልኝም፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው የሚያመጣው። እስካሁን ኔቱ ነው እያልኩ ነበር የማልፈው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዊንዶውስ 7 አሁንም አፕዴት ያገኛል ወይስ ጭራሽ ቀርቷል? ባገኝስ ፓወር ግዕዜ እና የአሥራ አንድ ዓመት ፋይሌ ይተርፋል? እኛ ጋ ኔት እንደምታውቁት ነው፤ ሲኖር አለ፣ ሲጠፋ ወር ይቆያል። ፋይሉን ሌላ ቦታ አውርዶ በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል?

ፎርማት አድርጊው እንዳትሉኝ ብቻ። እሱን ፈርቼ ነው የጻፍኩት።

ጠጋኙ፣ ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 8 ቀን 2018

እህቴ፣ መልሱ አለ፣ አትጨነቂ። አስቀድመሽ ግን ሁለት ነገር እይልኝ። ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ያለው ቀን ምን ይላል? ልክ እንደተጻፈው ንገሪኝ። ሁለተኛ፣ «ኮምፒውተር» የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጊና ፕሮፐርቲስን ክፈቺ። «ሰርቪስ ፓክ 1» የሚል ጽሑፍ አለ? የዊንዶውስ 7 የጥገናዎች ጥቅል ነው።

የማርቆሷ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 8 ቀን 2018

ወንድሜ፣ ቶሎ ስለመለስክልኝ አመሰግናለሁ። ቀኑ 3/8/2018 ይላል። ትክክል ነው፤ ዛሬ ኅዳር 8 ነው፣ ኅዳር ደግሞ ሦስተኛ ወር ነው። ሰዓቱንም በእኛ ነው የሞላሁት። ደብዳቤ ስጽፍ ቀኑ ራሱ እንዲገባልኝ ብዬ ነው፤ በየወሩ አስተካክለዋለሁ። ሰርቪስ ፓክ የሚል ነገር የለም። ዊንዶውስ 7 ፕሮፌሽናል ብቻ ነው የሚለው።

ጠጋኙ፣ ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 9 ቀን 2018

በቃ ተገኘ። የመጀመሪያው ችግር ቀኑ ነው።

ኮምፒውተሩ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። 3/8/2018 ስትይው በፈረንጅ ማርች 8፣ 2018 ነው ብሎ ያምናል። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ሰርተፍኬት ያሳያል፤ መታወቂያው ነው። መታወቂያው የወጣበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ያንቺ ኮምፒውተር በ2025 የወጣ መታወቂያ ሲያይ «ይሄ ገና ያልወጣ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ቀይ ማስጠንቀቂያው ከዚያ ነው የመጣው። 80072ኤፍ8ኤፍ የሚለው ስሕተትም አብዛኛውን ጊዜ ይሄንኑ ነው የሚለው። ይሄን ነገር ፍኖተ ሰላምም ቡሬም በስንት ጽሕፈት ቤት አይቻለሁ። ሰው ኔቱን ይወቅሳል፣ ካርዱን ይወቅሳል፤ ቀኑን የሚያይ የለም።

ቀኑን በፈረንጅ አድርጊው። የሰዓት ክልሉን ሦስት ሰዓት የሚቀድመውን «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጪ፤ የእኛም እሱ ነው። ሰዓቱንም በፈረንጅ ሙይው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ 9 ብለሽ። በኔት ራሱ ይታረማል ብለሽ አትጠብቂ። ዊንዶውስ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ አይነካውም። የደብዳቤሽን ቀን በእጅ ጻፊው፤ ለእሱ ሲባል ኮምፒውተሩ አይታመም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ እንደገና ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ ሞታለች። ሲአር 2032 ነው የምትባለው። ሰዓት ከሚሠሩት ዘንድ ታገኛለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 በጥቅምት 2002 ለገበያ እንደወጣው ነው፤ አንድም ጥገና አልደረሰውም። የሾርትከቱ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። በፈረንጅ 2010 አንድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ፍላሹን ከፍቶ የሾርትከቱን ምስል ማየት ብቻ ለቫይረሱ በር ይከፍትለት ነበር፤ መጫንም አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ማይክሮሶፍት ዘጋው። ባልተጠገነ ኮምፒውተር ላይ ግን በሩ ዛሬም ክፍት ነው። በ2017 ሜይ ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስም እንደዚሁ ነው። መድኃኒቱ የወጣው ሁለት ወር ቀድሞ ማርች ላይ ነበር፤ የተያዙት ያልጫኑት ናቸው። በብዛት የተመቱትም የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ናቸው።

ያ «ይቆለፋል» ያለሽ ሰው ለክፋት አይመስለኝም። እውነተኛው አደጋ ግን አለማድረጉ ነው።

ከመጀመርሽ በፊት ኮፒ አድርጊ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተዋሺና የዓመት ፎልደሮችሽን በሙሉ ገልብጪ። ወርዱን፣ ኤክሴሉን፣ ፎቶውን ብቻ፤ ፕሮግራም አትገልብጪ፣ ቫይረሱ አብሮ ይሄዳል። ሌላም ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ፎንቶቹን። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር የሚነበበው አጻጻፍ፣ አይደለም። ፎንቱ ከሌለ ያ ሁሉ አቤቱታ የማይነበብ ምልክት ነው የሚሆነው። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ውስጥ ገብተሽ የግዕዝ ፎንቶቹን ለይተሽ አስቀምጪ። የፓወር ግዕዙን መጫኛም ከየትም ፈልገሽ ያዢ። አፕዴቱ ራሱ ፎንት አይነካም፣ ፋይልም አይነካም። ግን ያለ ኮፒ አይጀመርም።

አፕዴት የገባውን ቫይረስ አያስወጣም፤ በሩን ነው የሚዘጋው። የገባውን ለማስወጣት ካስፐርስኪ ሬስኪው ዲስክ የሚባል ነፃ ነገር አለ። ፍላሽ ላይ ይዘጋጅና ኮምፒውተሩ ከእሱ ይነሣል። ዊንዶውሱ ተኝቶ ሳለ ስለሚያጸዳ ቫይረሱ መደበቂያ የለውም። መጀመሪያ እሱን አድርጊ።

ቀኑን ስታስተካክይ ያ ስሕተት ይሄድና ሌላ ይመጣል፤ 80072ኢኤፍኢ የሚል። አትደንግጪ። ምክንያቱን አንቺ ከማንም በላይ ትረጂዋለሽ፤ የማኅተም ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት እያንዳንዱን አፕዴት ሲያወጣ ማኅተም ያደርግበታል። በፈረንጅ 2019 ማኅተሙን ቀየረ። ድሮ ሻ-1 ነበር፣ አሁን ሻ-2 ነው። ያንቺ ዊንዶውስ አዲሱን ማኅተም አይቶት ስለማያውቅ አይቀበለውም። ስለዚህ አዲሱን ማኅተም በእጃችን እናስተዋውቀዋለን።

የጠየቅሽው በፍላሽ መጫን እዚህ ላይ ነው የሚጠቅምሽ። የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ የሚባል ገጽ አለ። ቁጥሩን ስትጽፊ ፋይሉን ይሰጥሻል። ጥሩ ኔት ያለው ሰው ያውርድልሽ። ያንቺ 32 ቢት ስለሆነ «ኤክስ 86» የሚለውን ነው የሚወስደው፤ 64 የሚለውን አይንካ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ 1፣ ቁጥሩ ኬቢ 976932። 537 ሜጋ ገደማ ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ 5 ጊጋ ባዶ ቦታ ይኑር። ቀጥሎ ኬቢ 3020369፣ ትንሽ ናት። ከዚያ ኬቢ 4490628፣ ከዚያ ኬቢ 4474419። ማኅተሙን የሚያስተዋውቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሪስታርት አድርጊ። ከዚያ ኬቢ 3125574። ይሄኛው ከ2011 እስከ 2016 ኤፕሪል ያለውን በአንድ ላይ ጠቅልሎ የያዘ ነው፤ ከ300 ሜጋ በላይ ነው። መጨረሻ ላይ ኬቢ 4536952ን አስቀድመሽ ኬቢ 4534310ን ጫኚ።

ስትጭኚ ኔቱን ንቀይ። ኔት ካለ «አፕዴት እየፈለግኩ ነው» እያለ ሰዓታት ይቆማል፣ የተበላሸ ይመስልሻል። መብራት የሚያስተማምን ጊዜ ምረጪ። መሀል ላይ ከጠፋ ነው የሚቆለፈው። ያ ሰው ያየው ምናልባት ይሄንን ይሆናል።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልንገርሽ። ያ የመጨረሻው አፕዴት የወጣው ጥር 5 ቀን 2012 ነው፤ ለጥምቀት ስድስት ቀን ሲቀረው። በዚያ ቀን የዊንዶውስ 7 ድጋፍ አበቃ። ከዚያ በኋላ ለድርጅቶች በክፍያ እስከ 2023 ጃንዋሪ ቀጥሎ እሱም ቆመ። ስለዚህ ይሄን ሁሉ ስትጨርሺ ኮምፒውተርሽ 2012 ላይ ይደርሳል እንጂ 2018 ላይ አይደርስም። ባንክ፣ ቴሌብር፣ የይለፍ ቃል ያለው ነገር አትክፈቺበት። የጽሕፈት ሥራሽን ግን በሰላም ትሠሪበታለሽ። ለድረ ገጽ ፋየርፎክስ 115 የተራዘመውን እትም ጫኚ። ክሮም ለዊንዶውስ 7 በ109ኛው እትም ነው ያበቃው።

የፔዳው ተማሪ፣ ባሕር ዳር
ኅዳር 9 ቀን 2018

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ወንድማችን የጻፈው ትክክል ነው፤ ቢሆንም ይሄን ሁሉ ደክመው 2012 ላይ መቆምዎ አሳዝኖኛል። ሁለት አማራጭ ልጨምርልዎ።

አንደኛው ዊንዶውስ 10 ነው። ዴሉ ላይ የተለጠፈ የዊንዶውስ 7 ቁጥር ካለ በእሱ በነፃ ማሳደግ ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ሊነክስ ነው፤ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ሌላ ሲስተም ማለት ነው። ሊነክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ለድሮ ኮምፒውተር ጥሩ ነው። ነፃ ነው፣ አፕዴቱ አይቋረጥም፣ የሾርትከት ቫይረስ አይሠራበትም። እኔ ላፕቶፔ ላይ እሱን ነው የምጠቀመው። አማርኛውም በዩኒኮድ ይጻፋል፤ ኖቶ እና አቢሲኒካ የሚባሉ ቆንጆ ፎንቶች አሉ። ራሙን ብቻ 4 ጊጋ ያድርጉት፤ ያንን ሳያደርጉ ምንም አይሞክሩ።

ድሮውን ነገር እየጠገኑ ከመኖር አንድ ጊዜ ተቸግሮ መላቀቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጠጋኙ፣ ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 10 ቀን 2018

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ላርም። በዊንዶውስ 7 ቁጥር ወደ 10 በነፃ መሻገር ድሮ ይሠራ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2023 ሴፕቴምበር ላይ ዘግቶታል። ዊንዶውስ 10 ራሱም ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ማለትም ባለፈው ወር ድጋፉ አብቅቷል። በፈረንጅ እስከ 2026 ኦክቶበር የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት አለ፤ ተመዝግበው የሚያገኙት ነው። ዊንዶውስ 11ን ይሄ ፕሮሰሰር አይችለውም። 24ኤች2 ከሚባለው እትም ጀምሮ ኮር ቱ ዱዎ ላይ ጭራሽ አይነሣም፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሌለ ትእዛዝ ነው የሚጠይቀው።

ሊነክሱን እኔም እወደዋለሁ። ለተማሪ ላፕቶፕ ዛሬውኑ ጫን እላለሁ። ለእህታችን ግን ነገ ጠዋት ሰው ወረቀት ይዞ ይጠብቃታል። ፓወር ግዕዝ ለሊነክስ አልተሠራም። የአሥራ አንድ ዓመት ፋይሏ ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየር ወደዚያ ብትሄድ የገበሬውን ይግባኝ ማውጣት አትችልም። መጀመሪያ ፋይሉ ይቀየር፣ ከዚያ ቤቱ ይቀየር። ዩኒኮድ ያልከው ላይ ግን በጣም ትክክል ነህ። ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፊውን ሁሉ በዩኒኮድ ጻፊ፣ እህቴ። ዊንዶውስ 7 ላይ ኒያላ የሚባል ፎንት አብሮ አለ፣ ጥሩ ነው። ያኔ ወደ የትኛውም ኮምፒውተር ብትሄጂ ጽሑፍሽ ይከተልሻል።

ፕሪንተርሽ ምንድን ነው?

የማርቆሷ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 10 ቀን 2018

ኤችፒ ሌዘርጄት 1020። እንደ ሰው እወደዋለሁ። ቀኑን አስተካከልኩት። ቀይ ማስጠንቀቂያው ብዙው ጠፋ! አፕዴቱን ስነካው ደግሞ ልክ እንዳልከው 80072ኢኤፍኢ አለኝ። ባልነግረኝ ኖሮ እዚህ ላይ እተወው ነበር።

የእህቴ ልጅ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዋለሁ።

ጠጋኙ፣ ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 10 ቀን 2018

1020 ዊንዶውስ 7 ላይ ምንም አይልም። ሊነክስ ላይም ይሠራል፤ ግን ከኤችፒ ተጨማሪ ፕለጊን በኔት ማውረድ ይፈልጋል። ኔት በጠፋ ቀን የሚያስቸግርሽ ይሄ ነው፤ ለዚያ ነው የጠየቅኩሽ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አንዳንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ዲፕ ፍሪዝ ተጭኖበት ይመጣል፤ ከኢንተርኔት ካፌ የወጣ ከሆነ በተለይ። ሰዓቱ አጠገብ የድብ ምልክት አለ? ካለ የጫንሽው ሁሉ ሪስታርት ስታደርጊ ይጠፋልና አስቀድሞ መፈታት አለበት።

የማርቆሷ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 10 ቀን 2018

ድብ የለም። ቅዳሜ ሥራ ስጨርስ እጀምራለሁ።

የማርቆሷ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 18 ቀን 2018

ወንድሞቼ፣ ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን በሙሉ ልንገራችሁ። ሌላ ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ዓርብ ማታ ፋይሉን ስገለብጥ አመሸሁ። ከጎረቤት ሃርድ ዲስክ ተዋስኩ። 38 ጊጋ ሆነ። ከ2007 ጀምሮ ያለው አቤቱታ ሁሉ አለ። አንዳንዶቹን ስከፍት የጻፍኩላቸው ሰዎች ፊት ትዝ አለኝ። አንድ የማቻከል አባት ነበሩ፤ አርፈዋል፣ ጉዳያቸውን አሁን ልጃቸው ነው የያዘው። ፎንቶቹንም ለየኋቸው። ይሄን ባትነግረኝ ፋይሉን ይዤ ፎንቱን እተወው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግተን ከእህቴ ልጅ ጋር ጀመርን። በሬስኪው ዲስኩ ስናጸዳ ወደ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ስንት ቫይረስ እንዳገኘ አልቆጥረውም። አንዱ ከ2009 ጀምሮ ያለ ፎልደር ውስጥ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት በሰው ፍላሽ ላይ ስበትን ነበር ማለት ነው። ከልቤ አዘንኩ። ፍላሻቸው የተበላሸባቸውና ወደ እኔ ያልተመለሱ ሰዎች ይኖራሉ።

ከዚያ ሰርቪስ ፓኩን ልንጭን ስንል መብራት ሄደ። ዕድላችን ሆኖ ገና አልጀመርንም ነበር። አጠገቤ ያለው ምግብ ቤት ማታ ማታ ጀነሬተር ያስነሣል። ባለቤቷን ለምኜ ገመድ ሳብን። እሷም «እስክትጨርሱ አላጠፋውም» አለች፤ እንግዶቿ ከሄዱ በኋላ እንኳ ለእኛ ብላ አቆየችው። ሰርቪስ ፓክ 1 አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሲነሣ ፕሮፐርቲስን ከፈትኩ። «ሰርቪስ ፓክ 1» ይላል። እልል አልኩ።

ትንሿ ገባች። ኬቢ 4490628ም ገባ። ኬቢ 4474419 ላይ ግን «ይሄ አፕዴት ለዚህ ኮምፒውተር አይሆንም» ብሎ መለሰን። ልጁ ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። በኋላ የፋይሉን ስም ስናየው 64 ይላል። በችኮላ የተሳሳተውን አውርዶታል። ሌላውን ሁሉ ትክክል አውርዶ አንዷን ብቻ ስቷል። እሷ ሳትገባ ደግሞ የመጨረሻዋ አትገባም። እዚያው አቁመን ሰኞ ከግቢ አምጥቶልኝ ሰኞ ማታ ቀጠልን። ስለዚህ ሌላ ሰው ቢሞክር ከማውረዱ በፊት 32 ይሁን 64 በትልቁ ጽፎ ይያዝ።

ኬቢ 3125574 በጣም ቆየ። መቶኛው 30 ላይ ቆሞ ቀረ። «ተበላሸ» ልል ስል ኔቱን ንቀይ ያልከው ትዝ አለኝ። ስልኬን አየሁ፤ ሆትስፖቱ በርቷል። አጠፋሁት፣ ሪስታርት አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። የመጨረሻዋ ማክሰኞ ጠዋት ገባች።

ፓወር ግዕዜ አልተነካም። ፋይሉም አልተነካም። 1020ም ያትማል። ማክሰኞ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ከስናን የመጡ እናት ይግባኝ አስጻፉኝ፤ ቀኑን በእጄ ጻፍኩት፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.።

ከዚህ በኋላ የወሰንኩትም አለ። ይሄ ኮምፒውተር ከኔት ጋር አይገናኝም። ደንበኛ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የላከልኝን በስልኬ እቀበልና በገመድ አሻግራለሁ። የሰው ፍላሽ ስቀበል መጀመሪያ የተደበቀውን ፋይል ሁሉ እንዲያሳይ አድርጌው ነው የማየው። ፎልደር የሚመስል ሾርትከት ካየሁ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ እንጂ አልጫነውም። አዲስ ጽሑፍ በዩኒኮድ ጀምሬያለሁ፤ ጣቴ ገና አለመደውም፣ አንድ ገጽ ለመጻፍ እጥፍ ጊዜ ይወስድብኛል። ያችን ተማሪ ግን ደውዬ ጠራኋትና ቀሪውን ምዕራፍ ያለ ክፍያ አትሜላታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከመጨረሻው አፕዴት በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ፕሮግራሙ ሁሉ ይሠራል፤ የጀርባው ሥዕል ነው የጠፋው። ሟች ወንድሜ ጮቄ ላይ ያነሣት ፎቶ ናት፣ መስከረም ላይ፣ አደይ በአደይ ሆኖ። ፎቶዋ ፎልደሩ ውስጥ አለች፤ ስክሪኑ ላይ ነው የማትመጣው። ቫይረስ ይሆን?

ጠጋኙ፣ ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 18 ቀን 2018

እህቴ፣ ቫይረስ አይደለም፤ ወንድምሽን ነፍስ ይማር። ይሄ የራሱ የኬቢ 4534310 የታወቀ ጉድለት ነው። የጀርባ ሥዕሉ «ስትሬች» በሚለው ተሞልቶ ከሆነ ጥቁር ያደርገዋል። በኋላ ማስተካከያ ወጥቶለታል፣ ኬቢ 4539601 ይባላል። ለአንድ ፎቶ ብለሽ ግን ሌላ ማውረድ አያስፈልግሽም። ስክሪኑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፐርሰናላይዝ፣ ዴስክቶፕ ባክግራውንድ ግቢ። ታች ላይ «ስትሬች» የሚለውን ወደ «ፊል» ቀይሪውና ሴቭ አድርጊ።

የፔዳው ተማሪ፣ ባሕር ዳር
ኅዳር 18 ቀን 2018

እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎ። ድሮውን ስለመጠገን ያልኩትን መልሼ ወስጄዋለሁ። የአሥራ አንድ ዓመቱን ፋይል ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ጊዜ ይጻፉልኝ፤ ለገና ማርቆስ እመጣለሁ፣ ቁጭ ብዬ አግዝዎታለሁ።

የማርቆሷ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 18 ቀን 2018

መጣች። አደዩም፣ ጮቄም፣ ሁሉም።

ልጄ፣ ለገና ና። ከ2007ቱ ፎልደር እንጀምራለን።